ሰፊው ላልቶ ይነበብልኝ

ለተከበሩ የመዝናኛ ፓርካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ፓርክዎ አጥር በየጊዜው የሚታደስ፣ ዕድሜዎ ቲኬት ለመቁረጥ እንደሚቆመው ሰልፍ የማያልቅ፣ እንቅልፍዎም እንደ ጥበቃ ሠራተኞችዎ እንቅልፍ ጥልቅ ይሆን ዘንድ እየተመኘሁ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከበርዎ ፊት ለፊት ካለችው የልብስ ስፌት ሱቅ ሆኜ ባርኔጣዬን አንሥቼ እጅ እነሣለሁ። ማዕረግዎን ሲያነቡ «ዋና» የሚለውን ቃል አጥብቀው እንዲያነቡልኝ በትሕትና አሳስባለሁ፤ ላልቶ ከተነበበ የውኃ ዋና ሥራ አስኪያጅ ብዬ እንደ ሰደብኩዎ ሊቆጠርብኝ ነው፤ እርግጥ እሱም ቢሆን ከእውነቱ እምብዛም የራቀ እንዳልሆነ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር አንድ ላይ ይመለከቱታል።

ባለፈው ሳምንት በጸሐፊዎ እጅ የላኩልኝ መልእክት ደርሶኛል። በመልእክቱ መሠረት፣ በበርዎ ላይ በአየር ተነፍቶ የቆመው ግዙፍ ሰው በዚያ ክፉ ነፋስ ከብብቱ እስከ ወገቡ ስለ ተተረተረ፣ በአካባቢውም ከእኔ በቀር ሌላ ሰፊ ስላልተገኘ፣ ፓርኩ እንደገና ከመከፈቱ በፊት ጨርቁን ተቀብዬ እንድሰፋው ተጠይቄያለሁ። እንኳንም አስታወሱኝ! እስከ ዛሬ በዝግ ፖስታ የጻፍኩልዎ ሁሉ «ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው» ከሚል መልስ ጋር እየተመለሱ ስለሚመጡልኝ፣ የእርስዎ ሰው ጎኑ እስኪተረተር ድረስ መኖሬንም የሚያውቁ አልመሰለኝም ነበር። ስለ ጥያቄዎ መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ቅሬታዬን በተራ ቁጥር እንድዘረዝር፣ ስብሰባ ላይ ሳሉም እንዲደርስዎ በጋዜጣ ላይ እንዳወጣው ይፈቀድልኝ።

ነገሩን ከሥሩ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ፓርክዎ የተሠራባቸውን ተወዳጅ የልብ ወለድ መጻሕፍት የጻፈችው ታናሽ እህቴ ነች፤ ነፍሷን ይማረውና። ሰማይ እንደ አሮጌ ቀሚስ የሚቀደድባት ሀገር፣ ከቀዳዳው የሚወርዱ አውሬዎች፣ መሰላል ተሸክሞ እየዞረ ሰማዩን የሚጥፍ አንድ ኮሳሳ ልብስ ሰፊ፣ ይህን ሁሉ የጻፈችው በእኔ ሱቅ ውስጥ፣ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣ፣ የሱሪና የኮት ልክ በማወጣበት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። በዚህም የተነሣ አንዳንድ ደንበኞቼ አንድ እግሩ ረዘም ያለ ሱሪ ለብሰው ሄደዋል፤ ምዕራፉ ረዝሞብኝ ነው። ጀግናው ስም የለውም፤ መጽሐፉ «ሰፊው» ብቻ ይለዋል፤ «ፊ»ን አላልተው፣ ክቡር ሆይ፣ ልብስ ሰፊ እንደሚባለው። አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ፣ የመነጽሩን እጀታ በክር ያሰረ፣ በሰው ሁሉ ላይ የሚነጫነጭ ሰው ነው። ይህ ሰው እኔ ነኝ። ይህን የምናገረው ትሕትና አንሶኝ አይደለም ብዬ ልዋሽዎ አልፈልግም፤ አንሶኝ ነው።

እህቴ ስትሞት ልጇን ለእኔ ትታልኝ ሄደች። እናቷ «ቁልፌ» ትላት ስለ ነበር እኔም ቁልፌ እላታለሁ። በጣም ሕፃን ስለ ነበረች የእናቷን ድምፅ አታስታውስም፤ የእናቷን መጽሐፍ ግን በቃሏ ትወጣዋለች። ማታ ማታ እኔ አነብላታለሁ፤ አንድ ቃል ከዘለልኩ ትቆጣኛለች።

ፓርክዎ በመጻሕፍቱ ላይ የተመሠረተ መዝናኛ ሊሠራ ነው ሲባል የመንገዳችን ሰው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ጎረቤቴ አስተማሪዋ፣ እያንዳንዱ ልጅ በልቡ የየራሱን ሰፊ ይዞ ሳለ ለሁሉም አንድ የፕላስቲክ ሰፊ ማደል ግፍ ነው ብላ ተከራከረች። ጸጉር አስተካካዩ ደግሞ የእሱ ልጆች በልባቸው የያዙት ምንም ነገር እንደሌለ፣ ፕላስቲክም ቢሆን አንድ ነገር ቢገባላቸው እንደማይጠላ ተናገረ። እኔ ማንን ደገፍኩ መሰለዎ? እርስዎን! መጽሐፍ ያልደረሰው ልጅ በበርዎ ገብቶ እህቴን ይወቃት አልኩ፤ አስተማሪዋንም፣ አንቺ ለልጅ ደስታ ምቀኛ ነሽ ብዬ ተጣላኋት። የከተማው ልጅ ሁሉ እኔን በትልቁ ሊያየኝ መሆኑም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልጎረበጠኝም።

በምረቃው ዕለት ኮቴን ተኩሼ፣ ሰው እንዳይሳሳት ሜትሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ቁልፌን በእጄ ይዤ ከሁሉ ፊት ቆምኩ። እርስዎም መድረክ ላይ ወጥተው «እነሆ ሰፊው!» አሉ፤ «ፊ»ን እንደ ጫማ ማሰሪያ አጥብቀው። ዕድሜያቸው የገፋው ታዳሚዎች ከድሮ ልማድ የተነሣ «ሕዝብ» የሚለው ቃል እስኪከተል ጠበቁ፤ ሳይመጣ ሲቀር እንዲሁ አጨበጨቡ። ከዚያ መጋረጃው ወረደ። ከጀርባው ጉንጩ ያበጠ፣ ሆዱ በበሩ ግራና ቀኝ የፈሰሰ፣ ሁለት አውቶቡስ ጎን ለጎን ቢቆም የማይተካከለው ፊኛ ቆሟል። በእጁም መርፌ ይዟል። ከሕፃን እጅ መርፌ ይነጠቃል እንጂ ለፊኛ መርፌ ሲሰጥ ያየሁት፣ ክቡር ሆይ፣ ያን ዕለት ነው። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ቁልፌ አንዴ ፊኛውን አንዴ እኔን አየችና እጇን ከእጄ አወጣች።

እንግዲህ ወደ ቅሬታዬ ልግባ።

አንደኛ፦ መጽሐፉ «ንግሥቲቱ ሰፊውን በዋና አዳራሽ ተቀበለችው» ይላል። እርስዎ «ዋና»ን አላልተው አነበቡና አዳራሹን በውኃ ሞሉት። ንግሥቲቱን የምትጫወተው ወጣት ዘውዷን ደፍታ፣ የመኪና ጎማ የሚያህል መንሳፈፊያ ወገቧ ላይ ታጥቃ፣ የሞት ፍርድ እየተንሳፈፈች ስታነብ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ አማካሪዎቿም ለመስገድ ባጎነበሱ ቁጥር ውኃ ይጠጣሉ። አንደኛው ሳል ይዞት ወደ ሱቄ መጥቶ ካባውን አሳጥርልኝ ብሎኛል፤ ሲረጥብ ወደ ታች ይጎትተዋል አሉ። ስለ ንጽሕናው ግን አመሰግናለሁ፤ እንደዚህ የታጠበ ቤተ መንግሥት ገጥሞኝ አያውቅም።

ሁለተኛ፦ «የሽፍታው ዋሻ»። በመጽሐፉ ውስጥ ሽፍታው በጫካ እየኖረ የሰፊውን ክር የሚዘርፍ ወንበዴ ነው። እርስዎ ግን ቃሉን አጥብቀው ዋሻውን ከጣሪያው እስከ ወለሉ ቀይ ቀይ እባጭ አስወጡበት። ሥራውን ከልብ እንደ ሠሩት ግን መመስከር አለብኝ፤ ቀለሙ ከምን እንደ ተቀመመ እንጃ፣ ከዋሻው የወጣ ጎብኚ ሁሉ እያከከ ነው የወጣው። ጸጉር አስተካካዩ እስከ ዛሬ ያካል፤ የደንበኛውን ጸጉር የሚቆርጠው በአንድ እጁ ነው። መጽሐፍ በሰው ገላ ላይ እንዲህ ሲሠራ አይቼ ስለማላውቅ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ሦስተኛ፦ በጫካው መግቢያ ላይ መንገደኞችን የሚያስጠነቅቅ ሰሌዳ እንዳለ እህቴ ጽፋለች፤ «በዚህ ጫካ አውሬ ይበላል» የሚል። ልጅ ሁሉ እዚህ ገጽ ላይ ሲደርስ እግሩን ወደ ብርድ ልብሱ ይሰበስባል፤ አውሬው በላተኛ ነዋ! እርስዎ ግን «ይበላል»ን አጥብቀው አነበቡና ምግብ ቤት ከፈቱበት። ጎብኚው ሰሌዳው ሥር በሰልፍ ቆሞ፣ አውሬው ዛሬ በደንብ በስሏል ወይ እያለ ይጠይቃል። መጽሐፉን ፈርተው መብራት የማያስጠፉ የነበሩ ልጆች አውሬውን በሹካ ሲጨርሱት አይቼ፣ ፍርሃትን ከነአጥንቱ ስላጠፉልን እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።

አራተኛውን ልዝለለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አምስተኛ፦ የእርስዎ ንባብ መንገድ ተሻግሮ ሱቄ ገብቷል። በሬ ላይ ከአባቴ ጀምሮ የተሰቀለ «ልብስ ሰፊ» የሚል ማስታወቂያ አለ። ከፓርክዎ የሚወጡ ጎብኚዎች አሁን እሱን እያነበቡ ሰፋፊ ልብስ ሊገዙ ይገባሉ። የለም ስላቸው ይቆጣሉ፤ ታዲያ ለምን ለጠፍክ ይሉኛል። አንዱ ወፍራም ሰውዬማ ጭራሽ ሊከሰኝ ነበር። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ልብስ ሳጠብብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለማስፋት የመጣብኝ ደንበኛ ከእርስዎ በፊት በጣት የሚቆጠር ነበር።

ይህ ሁሉ ከየት እንደ መነጨ ያጫወተኝ ከቀለም ቀቢዎችዎ አንዱ ነው፤ ማንነቱን ቢጠይቁኝ ሱሪውን እንጂ ፊቱን አላስታውስም። መጽሐፉን ለሠራተኛ ሁሉ ማዳረስ ጊዜ ይፈጃል ተብሎ፣ እርስዎ ራስዎ በስብሰባ ላይ ድምፅዎን ከፍ አድርገው አነበቡላቸው፤ መሐንዲሱም ቀለም ቀቢውም የሰማውን ይዞ ወጣ። አንዲት ንድፍ የምትሠራ ወጣት እጇን አውጥታ፣ ሰውየው ልብስ ሰፊ አይደለም ወይ ብትል፣ የልብስ ቢሆን ኖሮ ልብስ የሚል ቃል ይጨመርበት ነበር ብለው አስቀመጧት። ማስረጃም አላጡም፤ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር «የሰፊው ቤት ጠባብ ነበር» ይላልና፣ ሰውየው ሰፊ ባይሆን ቤቱ ለምን ይጠበዋል ብለው ጠየቁ። የመርፌው ነገር ሲነሣም፣ መርፌውን የያዘው ሆዱ ሲነፋ ለማስተንፈስ ነው ተብሎ በአንድ ድምፅ ተወሰነ፤ በበርዎ አጠገብ ለመታሰቢያ የሚሸጡት የፕላስቲክ መርፌ ቀዳዳ የሌለው ለዚህ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ሞኝ ካመረረ፣ በግ ከበረረ ማን ይመልሰዋል ይባላል፤ ይህን ያልኩት ስለ በጉ ነው።

ነፋሱም የመጣው በዚህ ላይ ነው። ፊኛውን ከመሬት ጋር የሚያስረው ገመድ ላልቶ ኖሮ፣ ሰውዬው ከበሩ ላይ ብድግ አለ፤ ቲኬት ቤቱን በሆዱ አጥፎ፣ እንደገና ሲወርድ የገዛ መርፌውን የገዛ ብብቱ ውስጥ ሻጠ። ሲተነፍስ ያሰማው ድምፅ ምን ይመስል እንደ ነበር ለእርስዎ ክብር ስል አልጽፈውም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት አበው ፓርክዎን ሳያዩ ነው እንዲህ በደንብ የገለጹት። መላላት የነበረበትን ፊደል አጥብቀው፣ መጥበቅ የነበረበትን ገመድ አላሉት፤ ሁለቱን ብቻ ቢያቀያይሯቸው ኖሮ ዛሬ ከእኔ ጋር አንተዋወቅም ነበር።

አሁን ወደ አራተኛው ልመለስ። በርዎ ላይ የሰቀሉት ድምፅ ማጉያ ከጠዋት እስከ ማታ «ሰፊው! ሰፊው! ኑ ሰፊውን እዩ!» እያለ ይጮኻል፤ አጥብቆ። እህቴ በሕይወት ሳለች ከዚያው ከመንገዱ ማዶ ሆና «ሰፊው!» ብላ ትጠራኝ ነበር፤ አላልታ፣ ትንሽም አሹፋ። ዳቦ ይዛ ስትመጣ፣ ምዕራፍ ጨርሳ ስትመጣ፣ ከሰው ተጣልታ ስትመጣ፣ ሁሌም እንደዚያ ነበር የምትለኝ። ያንን ድምፅ የቀዳው ሰው የለም፤ የቀረው እኔ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነበር። ማጉያዎ ከተሰቀለ ወዲህ ግን ልሰማው ስሞክር እርሷ አትመጣልኝም፤ እርስዎ ይመጡብኛል። በዚህ ይቅርታ የማደርግልዎ ሰው አይደለሁም፣ ክቡር ሆይ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ቁልፌም ከምረቃው በኋላ መጽሐፉን ወደ መደርደሪያው መለሰችው። በትምህርት ቤት ልጆቹ፣ ሰፊውን አይተነዋል፣ አጎትሽ አይደለም፣ አጎትሽማ በመርፌ ቀዳዳ ያልፋል ብለዋታል። ማታ ላነብላት ስነሣ እንቅልፌ መጣ ትለኝ ጀመር። አንድ ቀን እየሰፋሁ ሳለ ከማሽኔ አጠገብ ቆማ፣ እማዬ የጻፈችው የቱን ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ አንተን ነው ወይስ እሱን? ላሳያት መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ገለጥኩት። ፊደሉ ያው ነው። አጥብቀው ቢያነቡትም ያው፣ አላልተው ቢያነቡትም ያው። እናቷ እንዴት ብላ ትለው እንደ ነበር ወረቀቱ አይናገርም፤ እኔም አፌን ከፍቼ ልላት ስል፣ መንገድ ማዶ ማጉያዎ ቀደመኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። በጋዜጣ ላይ ጽፌ ማውጣቴም አያሳፍረኝም፤ ያሳፍር ከተባለ የሚያፍር ሌላ ሰው አለ።

ስለ ጥያቄዎ የምሰጠው መልስ እሺ ነው፤ እንዲያውም ሥራው አልቋል። የጭነት መኪናዎ ጨርቁን አራግፎ ሲሄድ ሱቄን ሞልቶ ወደ መንገድ ፈሰሰ። ጸጉር አስተካካዩ በአንድ እጁ እያከከ በሌላው ጫፉን ያዘልኝ፤ አስተማሪዋም ፕላስቲክ አልነካም ብላ ምላ ስታበቃ ግራ እግሩን ተሸክማ ስትሄድ አይቻታለሁ፤ በዚሁ ታረቅን። ባጭሩ ሰፊውን ሰፊው ሰፋው። ይህችን ዐረፍተ ነገር እባክዎ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቧት፤ ሠራተኞችዎ ምን ይዘው እንደሚወጡ ለማየት ጓጉቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ሰዎችዎ አጥፈው ወስደውታል፤ ነገ በመክፈቻው ላይ ይነፋል።

ፓርክ በመጽሐፍ ላይ ይሠራ ወይስ አይሠራ ለሚለው ክርክር፣ አሁንም ይሠራ ባይ ነኝ፤ በዚህ አስተማሪዋ ብታኮርፍም ታኩርፍ። ብቻ መሐንዲስ ከመጠራቱ በፊት መጽሐፉን አንድ ልጅ አጠገብ ተቀምጠው ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ልጅ የተሳሳተ ንባብ አያሳልፍም። ከእርስዎም የምለምነው ምንዳ አንድ ብቻ ነው፤ ማጉያው ስሙን አላልቶ ይጥራው። እንዴት እንደሚባል ከጠፋዎ ቁልፌ መጥታ ልታሰማዎ ፈቃደኛ ነች፤ ስብሰባ ላይ ከሆኑም ቆማ ትጠብቃለች፤ ከእኔ የምትሻለው በትዕግሥቷ ነው።

ጠባቡ ጊዜዎ እንዲሰፋ፣ ሰፊው ትዕግሥትዎ እንዳይጠብ፣ ገመድዎም ለዘላለሙ ጠብቆ እንዲኖር እየጸለይኩ፣ በነፋስም በንባብም ከማይተረተር አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የመንገድ ማዶው ሰፊ
(ላልቶ)

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነውና፦ ነገ ሲነፉት ጠበብ ቢልብዎ አይደንግጡ። የተተረተረውን ስሰፋ እግረ መንገዴን አጥብቤዋለሁ። ልኩን የወሰደችው ቁልፌ ነች፤ ሜትሩን ይዛ በወንበር ላይ ቆማ፣ ዙሪያዬን እየዞረች ደረቴን፣ አንገቴን፣ ጉብጠቴን ሳይቀር ለካችኝ። ዝቅ ያለውን ትከሻ ላስተካክለው ስል እጄን መታችኝና፣ እሱን አትንካው፣ እማዬ የጻፈችው ነው አለችኝ። የመርፌው ጫፍ ላይ ቡሽ ሰክተናል። ስንጨርስ መጽሐፉን ራሷ አውርዳ የመጀመሪያዋን ዐረፍተ ነገር አነበበችልኝ፤ አላልታ። ከማን እንደ ተማረችው እንጃ፣ ትንሽም አሹፋ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ስፋት የተረፈው ጨርቅ ብዙ ስለ ሆነ፣ ባክኖ እንዳይቀር ለእርስዎ የዋና ልብስ ሰፍቼበታለሁ፤ ከመክፈቻው በፊት ይደርስዎታል። ቃሉን ቢያጠብቁትም ቢያላሉትም፣ ክቡር ሆይ፣ ልክዎ ነው።